ድሬ የምትሄዱ ሰዎች፣ የት እንደምትበሉ ልንገራችሁ

ሐምሌ 19 እየደረሰ ነው። ቁልቢ ገብርኤልን የምትሳለሙ ብዙዎቻችሁ ማደሪያችሁ ድሬዳዋ መሆኑ አይቀርም። ይኸው ከአሁኑ ኢንቦክሴ ሞልቷል። "ቲቸር፣ አንተ ድሬ ኖረህ የለ? የት እንብላ? ማታስ የት ቁጭ እንበል?" ለእያንዳንዱ ሰው ተመሳሳይ ነገር ከምጽፍ አንዴ ልጻፈውና ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቅር አይበላችሁ። ረጅም ጽሑፍ የማይወድ ሰው ፉል የሚለው ጋ ሲደርስ ማቆም ይችላል።

አንተ ማነህ ለምትሉኝ ደግሞ፣ እኔ የድሬ ልጅ አይደለሁም። ተወልጄ ያደግኩት ደጋ ነው፤ አሁንም የማስተምረው ደብረ ብርሃን ነው። ግን ከ23 ዓመቴ እስከ 32 ዓመቴ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። በ2005 ዓ.ም አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ ነው የገባሁት። ብርድ ልብሱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአልጋ ሥር አልወጣም። ወንደላጤ ነበርኩ፣ ምድጃም አልነበረኝም። ቁርሴ፣ ምሳዬ፣ እራቴ ሁሉ ውጭ ነው፤ ያውም በመምህር ደሞዝ። ስለዚህ ርካሽ ሆኖ ጥሩ የሆነውን ቤት ከእኔ በላይ የሚያውቀው የባጃጅ ሹፌር ብቻ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና አንድ አንቀጽ ታገሱኝ። ከፈረንሳዮች ጋር ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አስቸገረ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ሥር ሜዳው ላይ ቀረና በ1895 ዓ.ም እዚያው ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ነበር የሚሏት። ከባቡሩ ጋር ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ መጣ። ኦሮሞውና ሶማሌው ድሮም አገሩ ነው። ሐረሪው ከላይ ወረደ፣ አማራውና ጉራጌው ሥራ ፍለጋ መጣ። ሁሉም የየራሱን ድስት ይዞ ነው የመጣው። ድሬ ላይ በአንድ ቀን ፉል ቁርስ፣ ሩዝ በፍየል ምሳ፣ ሙሸበክ መክሰስ፣ ላዛኛ እራት መብላት የምትችሉት ለዚህ ነው።

ከተማዋን ደቻቱ ለሁለት ይከፍላታል። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ ግን በ1998 ዓ.ም ክረምት ሌሊት ሞልቶ ስንት ቤተሰብ እንደጨረሰ የድሬ ሰው አይረሳውም። ሐምሌ ስለሆነ እዚያ አካባቢ ስትሄዱ ሰማዩን እያያችሁ። በወዲህ በኩል ከዚራ ነው። ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ የዛፍ ጥላ፣ የድሮ የባቡር ሠራተኞች ቤቶች። በወዲያ በኩል መጋላና ቀፊራ ነው። ገበያ፣ ጠባብ መንገድ፣ ቅመም ቅመም የሚል አየር። ባጠቃላይ የእኔ አስተያየት፣ በቀን መጋላ ብሉ፣ በማታ ከዚራ ተቀመጡ የሚል ነው። ዝርዝሩ ይቀጥላል።

ከዝርዝሩ በፊት ግን የቤት መምረጫ ሚዛኔን ልንገራችሁ። ሦስት ጥያቄ ነው።

አንደኛ፣ በር ላይ ስንት ባጃጅ ቆሟል? የባጃጅ ሹፌር ሰዓትም ገንዘብም የለውም፤ ሆዱም ተበላሽቶ መዋል አይችልም። እሱ የሚበላበት ቤት ፈጣን፣ ርካሽና ንጹህ ነው።

ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ራሱ እዚያው ይበላል ወይ? ባለቤቱ ምሳውን ከሌላ ቤት የሚያስመጣ ከሆነ ሂሳባችሁን ከፍላችሁ ውጡ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ስንት ዓይነት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጧል? እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቁርስ። ፉል ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም። አዲስ አበባም ፉል አለ፣ ደብረ ብርሃንም አለ፣ አውቃለሁ። ግን ድሬ ላይ ፉል ቤት ማለት ባቄላው ሌሊቱን ሙሉ በትልቅ ድስት እሳት ላይ ሲንተከተክ አድሮ፣ ጠዋት በብረት ሳህን ተፈጭቶ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ተደርጎበት ትኩስ ዳቦ ጋር የሚመጣ ነው። "ኖርማል" እና "ስፔሻል" ብለው ይጠይቋችኋል። ኖርማል እዘዙ። ስፔሻል ማለት እንቁላልና እርጎ ሲጨመርበት ነው፣ መጥፎ አይደለም፤ ግን የፉሉ ችሎታ የሚታየው በኖርማሉ ነው። ባቄላው ካልበሰለ እንቁላል ይሸፍነዋል። ተማሪ ጽሑፉ ሲያንስበት በቀለም እስክሪብቶ እንደሚያስጌጠው ማለት ነው፤ አስተማሪ አይሸወድም። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ ደግሞ፣ ኖርማሉ በዘይት ነው የሚሠራው፣ ግን "የጾም ነው ወይ" ብላችሁ ጠይቁ፣ አይቀየሙም።

ሰዓቱ አስፈላጊ ነው። ፉል ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው። 4 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ "ፉሉ እንደሰማነው አይደለም" ብትሉ የድስቱን ቂጥ ነው የበላችሁት።

ፉል ያልወደደ ሰው ፈጢራ ይብላ። ሊጡን ዘይት በተቀባ ብረት ላይ እንደ ጨርቅ ሲዘረጋው፣ እንቁላል ሲሰብርበት፣ ሲያጥፈውና ሲጠብሰው ማየት ራሱ ቁርስ ነው። ማር አድርጉበት። ሕጉ አንድ ነው፤ ሲዘረጋ ካላያችሁት አትብሉት። ተጠብሶ የተቀመጠ ፈጢራ ካርቶን ነው። ከዚያ ሻሂ በወተት። ድሬዎች "ሻይ" አይሉም፣ "ሻሂ" ነው። ቅመሙ ጉሮሮ ይከፍታል። አንድ ጠጥታችሁ ሁለተኛ ካልጠየቃችሁ የደረሳችሁበት ቤት ተሳስቷል ማለት ነው፤ ተነሱና ወደ ቀጣዩ ሂዱ።

ምሳ። ሩዝ በፍየል ሥጋ። የሶማሌ ቤቶቹ ጋ ሂዱ። ሩዙ ቅመም ጠጥቶ ነው የሚመጣው፤ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ይወርዳል። ከጎኑ ሙዝ ይመጣላችኋል። ሙዙን ለመጨረሻ አታስቀምጡት፤ ፍራፍሬ መስሏችሁ ወደ ኪሳችሁም አትክተቱት፣ ያደረገ ሰው አውቃለሁ። አንድ ጉርሻ ሩዝ፣ አንድ ንክሻ ሙዝ። መጀመሪያ ይገርማል፣ በሦስተኛው ቀን ሩዝ ያለ ሙዝ ባዶ ይሆንባችኋል። አረንጓዴ የቃሪያ ድቁስ አለ፣ ቢስባስ ይሉታል። የሻይ ማንኪያ ጫፍ በቂ ነው። "እኔ እኮ የሸዋ ልጅ ነኝ፣ ሚጥሚጣ ነው ያሳደገኝ" ያለ የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ሊትር ውኃ ጨርሶ ነው ከሰዓት ክፍል የገባው።

የግመል ወተትም ቅመሱ። መያዣው በጭስ ስለሚታጠን ወተቱም ጭስ ጭስ ይላል። እኔ እወደዋለሁ። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠጣ ሰው ሆዱን ሊያላቅቀው ይችላልና፣ እባካችሁ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ወደ ቁልቢ በምትሄዱበት ጠዋት አትሞክሩት። አውቶቡሱ ለማንም አይቆምም። ከቁልቢ ከተመለሳችሁ በኋላ ይሁን።

ከምሳ በኋላ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ምንም አትፈልጉ። ከተማዋ ትተኛለች። ሱቅ ይዘጋል፣ የሚቅመው በርጫው ላይ ነው፣ የማይቅመው ጥላ ሥር ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ። በመሃል ያለው 1,600 ሜትር ማለት ሙቀት ማለት ነው። እንግዶች በዚያ ሰዓት ወጥተው "ምግብ ቤቱ ሁሉ ደንዝዟል፣ አስተናጋጁ አይሰማም" ብለው ያማርራሉ። አስተናጋጁ ይሰማል። እናንተ ናችሁ ሰዓቱን ያልሰማችሁት። አቦ፣ ተኙ።

10 ሰዓት ላይ ንፋስ ይጀምራል። ያኔ መጋላ ሂዱና ጣፋጭ ብሉ። ሐላዋና ሙሸበክ። ሙሸበክ ብርቱካናማ፣ እንደ መረብ የተጠላለፈ፣ በስኳር ሽሮፕ የተነከረ ነገር ነው። ከሻሂ ጋር ካልሆነ ጣፋጩ ይከብዳል። በወረቀት ጠቅልለው ለቤተሰብ ይሰጧችኋል፤ ደጋ ይዛችሁ ከወጣችሁ ግን በቶሎ ይበላ፣ ሲቆይ ይደርቃል። ሐላዋው መንገድ ይችላል። ለቢሮ ስጦታ ከዚያ የተሻለ የለም።

አሁን ደግሞ ስለማልወዳቸው ነገሮች ልናገር፣ አስተያየት ብላችሁኛልና።

ትልልቅ ሆቴሎችን ለምግብ አልመክርም። ለማደር ይሁን፣ አየር ማቀዝቀዣ ያስፈልጋችኋል። ለምግብ ግን ድሬ መጥታችሁ አዲስ አበባ የምትበሉትን መብላት ምን ይባላል? እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ላከብራት ብዬ ስሙን የማልጠራው አንድ ሆቴል ወሰድኳት። ዶሮ ወጥ አዘዝን። አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅን። የመጣው ለብ ያለ ነው፣ ዶሮዋም የምታስተምር ትመስል ነበር፣ በዕድሜ ማለቴ ነው። ሂሳቡ የእኔን የሳምንት ምግብ ይበልጣል። እናቴ ምንም አላለችም። በማግስቱ ጠዋት ፉል ቤት ወሰድኳት፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ። አስተናጋጁ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ "አንቺ ምን ልስጥሽ?" አላት።

የእናቴን ፊት ማየት ነበረባችሁ። "ልጄ፣ ይሄ ልጅ አንቺ አለኝ?"

ድሬ "አንቱ" አታውቅም። ለማታውቁ ሰዎች ይህን ማስጠንቀቅ አለብኝ። ተማሪው መምህሩን አንተ ይላል፣ ልጅ ሽማግሌውን አንተ ይላል። ንቀት አይደለም፣ የቅርበት አነጋገር ነው። የፉሉን ባለቤት ሰፈሩ በሙሉ "አባባ" ነው የሚለው፣ ግን "አባባ፣ ጨምርልኝ" ነው እንጂ "ይጨምሩልኝ" ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔም የመጀመሪያ ሳምንት ክፍል ውስጥ "አንተ ቲቸር" ሲሉኝ ደንግጬ ነበር። እናቴ በሦስተኛው ቀን ያንን ልጅ "ና እስቲ፣ አንተ አንቺ ባይ" እያለች ትቀልድበት ነበር። ስትሄድ አቅፎ ሸኛት። ዶሮ ወጡን ዳግም አላነሳነውም።

ሌላ የማልወደው፣ በዚያ ሙቀት ጥሬ ሥጋ። የደጋ ሰው ሆኜ ነው የምናገረው፣ ጥሬ እወዳለሁ። ግን ደብረ ብርሃን አየሩ ራሱ ፍሪጅ ነው። ድሬ ላይ የተጠበሰ ብሉ።

የጣሊያን ምግብ ለምትወዱ ፓራዲሶ አለ። የድሮ ቤት ነው፣ ላዛኛ የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የበላሁት እዚያ ነው። እኛ መምህራን ደሞዝ በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር የምንሄደው፣ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ። በየቀኑ የሚኬድበት ቤት አይደለም፣ በዓመት ሦስት ጊዜ የሚናፈቅ ነው። አንዳንድ ቤት እንደዚያ ሲሆን ነው ጥሩ።

ማታ። ወደ ከዚራ ተመለሱ። ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ያወጡ ቤቶችን ፈልጉ። ውስጥ አትግቡ፣ ውስጡ ይሞቃል፣ ሙዚቃውም ጆሮ ይበጥሳል። በድምፅ ማጉያ የሚጮህ ቤት ሰው የሚያወራው የሌለው ቤት ነው። ድሬ ላይ የሚጠጣው ለወሬ ነው። ድራፍት እዘዙ፣ ትልቁን ሳይሆን ትንሹን፣ ደጋግማችሁ። ትልቁ ግማሽ ሳትደርሱ ሻሂ ይሆናል። ጠርሙስ የምትወዱ ሐረር ቢራ ጎረቤት ነው፣ ጥቁር የምትወዱ ሐኪም ስታውት አለ። ኦቾሎኒ የሚሸጡ ልጆች ይመጣሉ፤ የባቢሌ ከሆነ ግዙ፣ እሱን የሚወዳደር ኦቾሎኒ ሌላ ቦታ አልበላሁም።

ሙዚቃ ካነሳን፣ ዓሊ ቢራ ድሬ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ አፍራን ቀሎ ከሚባለው የድሬ ቡድን ጋር የጀመረ ሰው ነው። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ፣ በዐረብኛም ዘፍኗል። በ2015 ዓ.ም ሲሞት እኔ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። የድሬ ጓደኞቼ ስልክ እየደወሉ ዝም ብለው ሙዚቃውን ያሰሙኝ ነበር፣ ያለ ወሬ። እሱን ሳስብ፣ አምስት ቋንቋ በአንድ ጉሮሮ ማለት የድሬ የማታ ጠረጴዛ ማለት ነው። አንዱ በኦሮምኛ ይጀምራል፣ ሌላው በሶማሊኛ ያቋርጠዋል፣ ቀልዱ በአማርኛ ያልቃል፣ ስድቡ በዐረብኛ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልመለስ። ስንት ዓይነት ሰው በአንድ ጠረጴዛ?

እኛ አምስት ነበርን። ሒሳብ አስተማሪው ሙስሊም ነው፣ የእንግሊዝኛዋም ሙስሊም ናት፤ እኔና የስፖርቱ ኦርቶዶክስ፤ የኬሚስትሪው ጴንጤ። አገራችሁን ታውቁታላችሁ። የክርስቲያን ሥጋ አለ፣ የእስላም ሥጋ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ረመዳን አለ፣ ዐቢይ ጾም አለ። ሥጋ ቤት ብንሄድ ከአምስታችን ሁለቱ ለስላሳ ይዘው ያዩናል። እና ምን እንበላ ነበር? ፉል። ፓስታ በቲማቲም። ዓሣ ሲገኝ ዓሣ። የምስር ሳምቡሳ። ማታ ደግሞ ሁለታችን ድራፍት፣ ሁለቱ ሻሂ፣ አንዱ አምቦ ውኃ። በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ሂሳብ።

ይሄን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ድሬ ላይ በጣም የሚወደዱት ምግቦች፣ ፉሉ፣ ፈጢራው፣ ሳምቡሳው፣ ሙሸበኩ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ሥጋ የለባቸውም። ይህ በዕቅድ የሆነ ነው አልልም። ግን አብሮ መብላት የሚፈልግ የተለያየ ሰው አንድ ከተማ ላይ መቶ ዓመት ሲኖር፣ ሁሉም ሊበላው የሚችለው ምግብ ነው የሚያሸንፈው። ፉል ሃይማኖት የለውም። ብሔር የለውም። ሀብታሙም ድሃውም ከአንድ ድስት ነው የሚቀዳለት፤ የባንክ ሥራ አስኪያጁና ዕቃ ጫኙ በአንድ አግዳሚ ላይ ክርን ለክርን ነው የሚቀመጡት።

ከለውጡ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከተማዋ የታወከችባቸው ቀኖች እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሰፈር ለሰፈር መተያየት ቆመ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። እቤቴ ብስኩትና ውኃ ነበር የነበረኝ፣ ወንደላጤ ምን ያከማቻል? በሦስተኛው ቀን ጠዋት መስኮት ከፍቼ ስሰማ የባጃጅ ድምፅ አለ። ወጣሁ። አባባ ፉሉን ጥዷል።

ሰው ነበር። ግን ዝም ብሏል። ሁልጊዜ ተቀላቅሎ የሚቀመጠው ሰው በዚያ ጠዋት ተለያይቶ ነው የተቀመጠው፤ እነዚህ ከዚህ፣ እነዚያ ከዚያ። በመሃል ያለው ትልቁ ጠረጴዛ ባዶ ነው። አባባ ያንን አየ። ከጎንና ከጎን ያሉትን ትንንሽ ጠረጴዛዎች ማንሳት ጀመረ። ሳህኑን ከፊታቸው እያነሳ መሃል ላይ ያስቀምጣል። "ሰው የለኝም፣ ልጆቹ አልመጡም፣ በየጥጉ ማስተናገድ አልችልም፣ እዚህ ኑ" አለ። ውሸቱን ነው። ሁለቱ ልጆቹ ጓዳ ቆመው ያዩታል። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየተነሱ መጡ። ማንም ንግግር አላደረገም፣ ማንም አላለቀሰም፣ የተቃቀፈም የለም። አንዱ ዳቦ አቀበለኝ፣ እኔ ጨው አቀበልኩት። ቃሪያው ጥሩ እንደሆነ ተነጋገርን። ያን ቀን ሂሳብ አልተቀበለም፣ ወይም ረሳሁ ብሏል።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤት ስመዝን ቅመሙንና ወንበሩን ብቻ አላይም። ይህ ቤት ክፉ ቀን ሲመጣ ጠረጴዛውን መሃል ያደርጋል ወይስ በሩን ይዘጋል? ይሄንን ከምናሌው ላይ ማንበብ አትችሉም፤ ግን ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ብታዩ ይገባችኋል።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። እናቴ ስትታመም ዝውውር ጠይቄ ወጣሁ። ባለፈው ዓመት ለአራት ቀን ተመልሼ ሄጄ ነበር። ድሬ ያው ድሬ ናት፣ ንፋሱም፣ አንተ መባሉም። ግን ስጀምር ከ20 ብር በታች የነበረው ፉል ኖርማል አሁን ከ100 ብር አልፏል። ይሄ የድሬ ጥፋት አይደለም፣ ደብረ ብርሃንም ሽሮ ያው ነው፣ ዘይቱም ዳቦውም የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። የገረመኝ ሌላ ነው። አባባ አንድ ደብተር ነበረው። ወር ሲጋመስ ደሞዙ ያለቀበት መምህር፣ ሥራ ያላገኘ ሹፌር፣ ተማሪ፣ ሁሉም እዚያ ደብተር ላይ ነው ያለው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ኖሬበታለሁ፣ "ቲቸር" በሚል ስም፣ በእርሳስ። አሁን ደብተሩ የለም። ግድግዳው ላይ "ዱቤ ነገ" የሚል ተለጥፏል። አባባ አርጅቷል፣ ልጁ ነው የሚሠራው። ልጁን አልወቅሰውም። ባቄላ በዱቤ አይሰጡትም፣ እሱ ከየት አምጥቶ ይስጥ?

ግን በዚያ ጠዋት ከአግዳሚው ላይ የጎደሉትን ቆጠርኳቸው። የባንክ ሠራተኛው አለ፣ ነጋዴው አለ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ አለ። ዕቃ ጫኞቹ የሉም። በር ላይ ደረቅ ዳቦና ሻሂ ይዘው ቆመዋል። አንድ አዲስ የተመደበ መምህር ተዋወቅኩ፣ እኔ በገባሁበት ዕድሜ ነው ያለው። የት ነው የምትበላው አልኩት። "ቲቸር፣ ሦስት ሆነን ቤት እናበስላለን፣ ውጭ በወር አንዴ ነው" አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ገንዘቡን ያውቃል። ግን እኔ ድሬን ያወቅኳት አግዳሚው ላይ ነው። ሒሳብ አስተማሪውን የተዋወቅኩት እዚያ ነው፣ ኦሮምኛ ትንሽ የለመድኩት እዚያ ነው፣ ስለ ባቡሩ የነገሩኝ ጡረተኞች እዚያ ናቸው። ቤቱ የሚያበስል መምህር ይህን ሁሉ ከማን ያገኛል? ሰው ኑሮ ሲወደድ መጀመሪያ የሚቆርጠው ሥጋ ይመስለናል። አይደለም። መጀመሪያ የሚቆርጠው ከሌላ ሰው ጋር መቀመጥን ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ያላችሁ ጎረቤቶቼ እንዳትቀየሙኝ። የእኛም ከተማ ጠላውም አረቄውም ጥሩ ነው፣ በብርድ ቀን ትኩስ ሽሮ የሚያህል የለም። ግን እዚህ ሰው በብርዱ ምክንያት ቤቱ ገብቶ ነው የሚበላው፣ በር ይዘጋል። ሙቀት ሰውን ወደ ውጭ ያወጣዋል፣ ውጭ ደግሞ ሰው አለ። ልዩነቱ ይቺው ናት።

እንግዲህ ለምትሄዱ ሰዎች አሳጥሬ ልድገም። በአዲሱ ባቡር የምትሄዱ ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው፣ ወደ ከተማ የሚያስገባችሁን ሹፌር የት ቁርስ እንደሚበላ ጠይቁት፣ ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል። ጠዋት ፉል ኖርማል። ምሳ ሩዝ በፍየል፣ ሙዙን አትርሱ። ከሰዓት ተኙ። 10 ሰዓት ሙሸበክ በሻሂ። ማታ ከዚራ፣ ዛፍ ሥር፣ ትንሿን ድራፍት። በበዓሉ ሰሞን አልጋ ይወደዳል፣ ቀድማችሁ ያዙ። አንቺ ወይም አንተ ሲሏችሁ አትቆጡ።

ሁለት አደራ አለኝ። አንደኛው፣ ፉል ቤት ስትገቡ አራት ሆናችሁ አንድ ጠረጴዛ ይዛችሁ እርስ በርስ አታውሩ። ሰው ያለበት አግዳሚ ላይ ጠጋ በሉልኝ ብላችሁ ተቀመጡ። ይጠጉላችኋል። ሁለተኛው፣ ከተረፋችሁ፣ ስትወጡ የአንድ ሰው ፉል ጨምራችሁ ክፈሉ፣ "በር ላይ ለቆመው" በሉ። ልጁ ለማን እንደሆነ ያውቃል። ስለት የምታደርሱ ሰዎች ናችሁ፣ ይሄ ከስለቱ ጋር ይሄዳል።

የድሬ ልጆች፣ የዘለልኩት ቤት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉ። "ፈጢራ ከፉል ይበልጣል" የሚል ግን አልመልስለትም።

መልካም መንገድ።